ዘጠኝ ቁጥራችን ሳያገባ አለፍን፤ ቤንች እናስቀምጠው?

ጥያቄ፦ «አሰልጣኝ፣ የጅማ ልጆች ነን፣ ከቆጪ አካባቢ። የሰፈራችን ቡድን የመለያ ጨዋታውን 2 ለ 1 አሸንፎ ወደ ላይኛው ምድብ አልፏል። ደስታው ግን በጭቅጭቅ አለቀ። ዘጠኝ ቁጥራችን፣ ዋናው አጥቂ፣ አላገባም። ሁለቱንም ጎል ያገቡት አማካዮች ናቸው። እሱማ 70ኛው ደቂቃ አካባቢ ባዶ ጎል ሳተ። 80ኛው ላይ ተቀይሮ የገባው ልጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከእሱ የበለጠ አስጨነቃቸው። ጀበና ቡና ላይ ግማሻችን ‹ያለ እሱ 4 እናገባ ነበር› እንላለን። የቀሩት ደግሞ ‹ያለ እሱ አናልፍም ነበር› ይላሉ። ኮሚቴው ሌላ አጥቂ ለማምጣት ብር እያዋጣ ነው። ቪዲዮውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። እውነቱ የማን ነው? በእሱ እንቀጥል ወይስ ይቀመጥ?»

መልስ፦ ይቀጥል። ግን አሁን በሚጫወትበት መንገድ አይደለም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ ችግር አለበት፤ እናንተ የምትጨቃጨቁበት ችግር ግን አይደለም።

ከባዶ ጎሉ እንጀምር። ባዶ አልነበረም። ኳሷ ከቀኝ መስመር ስትሻማ በረኛው ወደ ቅርቡ ቋሚ ሄዶ ነበር፣ ስለዚህ ጎሉ ባዶ ይመስላል። አቁማችሁ እዩት። ኳሷ ጭቃው ላይ ነጥራ የመጣችው ከልጁ ኋላ ነው። እሱ ክብደቱን ወደፊት ጥሏል። በዚያ ሁኔታ ያለው ምርጫ ወይ በተረከዝ መንካት ወይ መውደቅ ነው። በቆመው እግሩ ነካት፣ ወጣች። ከሜዳው ዳር ሆኖ ለሚያይ «እንዴት ይሄን ይስታል!» ያሰኛል። እዚያ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ግን ከባድ ኳስ ነው።

አሁን ጥፋቱን ልንገራችሁ። ኳሷ ከኋላው የመጣችው እሱ ቀድሞ ስለደረሰ ነው። የክንፍ ተጫዋቹ ገና ኳሷን እየገፋ ሳለ ዘጠኝ ቁጥራችሁ በረኛው ፊት ቆሞ ይጠብቃል። የቆመ አጥቂ ለተከላካይ ስጦታ ነው። በአንድ ዓይን ኳሷን፣ በሌላው እሱን ያየዋል። ጥሩ አጥቂ ከተከላካዩ ትከሻ ኋላ ተደብቆ ይቆያል። አሻሚው እግሩን ሲያነሳ ያኔ ይነሳል። ቦታው ላይ የሚደርሰው ከኳሷ ጋር እኩል ነው። ልጃችሁ ይህን ስህተት በዚያች ኳስ ብቻ አልሠራውም፤ በቪዲዮው ላይ ኳስ በተሻማ ቁጥር ማለት ይቻላል ይደግመዋል። የ70ኛው ደቂቃዋ ጎልታ የታየችው ኳሷ ለአንዴ እንኳ እግሩ ድረስ ስለመጣች ነው።

ስለ መሳት ደግሞ አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። በእግር ኳስ ከ10 ሙከራ ጎል የሚሆነው 1 ገደማ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት እንኳ፣ ማንም ሳይከላከል፣ ከ4ቱ አንዱ ገደማ አይገባም። እንግዲህ በጨዋታ 3 ጊዜ የሚሞክር አማካይ ደረጃ ያለው አጥቂ አስቡ። ይህ ሰው ከ4 ጨዋታ በ3ቱ ገደማ ሳያገባ ይወጣል። 5 ጨዋታ በተከታታይ ሳያገባ የመቆየት ዕድሉም ከ5 አንድ ያህል ነው። ምንም ሳያጠፋ፣ ምንም ሳይወርድ። በአንድ ጨዋታ «አላገባም» ብሎ ፍርድ መስጠት ስለዚህ አያስኬድም። የጅማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ቡና ቀማሽ ናሙናውን አንድ ስኒ ቀምሶ ደረጃ አይሰጥም፤ ከዚያው ናሙና ደጋግሞ ይቀምሳል።

የጅማ ደጋፊ ዓይን ለምን እንደከበደ ግን ይገባኛል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ገና ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ክፍያ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። በ2013 ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጅማ አንዷ ነበረች። አቡበከር ናስር በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ጎል ያስቆጠረበት ዓመት ነው። እንዲህ ያየ ዓይን የሰፈር ዘጠኝ ቁጥርን ሲያይ ይናደዳል። ይሁን። ግን የ2010ሩ ሊግ 30 ጨዋታ ነበረው። 23 ጎል ማለት በጨዋታ ከ1 በታች ነው። ኮከቡም ቢሆን ያላገባባቸው ቅዳሜዎች ነበሩት፤ እኛ የምናስታውሰው ያገባባቸውን ብቻ ነው።

ሌላው መስተካከል ያለበት አስተሳሰብ፣ መለያ ጨዋታን ያሳለፈው ያን ቀን ያገባው ሰው ነው የሚለው ነው። ጥቅምት 2005 ላይ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ናቸው። ስማቸው ሊነሳ ይገባል። ግን የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ድምሩ 5 ለ 5 እኩል መጣ፣ ከሜዳችን ውጭ የበለጠ በማግባታችን አለፍን። ስለዚህ ያን ቀን ከሳላዲንና ከአዳነ ጋር አብረው ያሳለፉን እዚያ፣ በሽንፈት ውስጥ፣ ያገባናቸው 3 ጎሎች ናቸው። በዚያ ሽንፈት ማግስት ግን የእነዚያን ጎሎች ዋጋ ያሰበ ስንት ነው?

ከውጭም ላምጣ፣ ዲኤስቲቪ ቤት የምትውሉ ናችሁና። በ2018 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ላይ ፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ስትበላ ዘጠኝ ቁጥሯ ኦሊቪዬ ጂሩ 546 ደቂቃ ተጫወተ። አላገባም። አንድ እንኳ ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ አላደረገም። ምባፔና ግሪዝማን ግን 4፣ 4 ጎል አገቡ። ጂሩ ተከላካዮችን በትከሻው ይዞ ስለቆመ እነሱ የሚሮጡበት ቦታ ተከፈተ። ተቃራኒውም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የእንግሊዝ ክለቦች ኪው ፒ አር እና ደርቢ ካውንቲ ወደ አገራቸው ፕሪሚየር ሊግ ለማለፍ ዌምብሌይ ላይ ተገናኙ። ኪው ፒ አር በቀይ ካርድ 10 ሰው ቀረ፣ ደርቢ ሜዳውን ይዞ አመሸ። ተቀይሮ የገባው ቦቢ ዛሞራ 90ኛው ደቂቃ ላይ አገባና 1 ለ 0 አለቀ። ዛሞራ ያን ቀን ጥሩ ተጫወተ ወይ? ማንም ግድ የለውም። ጎል እንዲህ ነው፤ ስለ ሌላው 89 ደቂቃ ምንም አይነግርህም።

ግን ጠንቀቅ በሉ። «ጂሩም አላገባም» የሚለው አባባል ለሰነፍ አጥቂ መሸሸጊያ ሆኗል። ጂሩን የሚያስመሰግነው ጎል አለማግባቱ አይደለም። ለሌላው የከፈተው ቦታ ነው፣ ያ ደግሞ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ነው። ስለዚህ የእናንተን ልጅ በዚህ ዓይን ፈተንኩት።

የመጀመሪያዋን ጎል ከመግባቷ 6 ሰከንድ አስቀድማችሁ እዩ። ዘጠኝ ቁጥራችሁ ወደ መሃል ሜዳ ይወርዳል፣ የተጋጣሚው መሃል ተከላካይ ይከተለዋል። ኳስ አልነካም። ስሙም አልተጠራም። ስምንት ቁጥራችሁ የሮጠው ግን ያ ተከላካይ ትቶት በሄደው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛዋ ጎል የመጣችው ከቅጣት ምት ነው። ቅጣት ምቷን ማን አገኘ? እሱ። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳሷን ይዞ ቆየ፣ ተከላካዩ ትዕግሥቱ አለቀና ጠለፈው። እንግዲህ «ያለ እሱ 4 እናገባ ነበር» የሚለው ወገን ሁለቱን ጎሎች ከየት እንደሚያመጣ ያስረዳኝ። ሌላኛው ወገን ቢያንስ በዚህ ይበልጣል።

ተቀይሮ ስለገባው ልጅ እንነጋገር። ፈጣን ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን የገባበትን ሰዓት አትርሱ። 80ኛው ደቂቃ ላይ ተጋጣሚ 2 ለ 1 እየተመራ ነው። ካላገባ አያልፍም። ተከላካዮቹ ወደፊት ወጥተዋል፣ ከኋላቸው 40 ሜትር ባዶ ሜዳ አለ። በዚያ ላይ ጭቃ ላይ 80 ደቂቃ ታግለው እግራቸው ዝሏል። ያን እግር ያዛለው ማን ነው? 80 ደቂቃ ሙሉ ሲገፋቸው የቆየው ዘጠኝ ቁጥር። ትኩስ እግር ያለው ፈጣን ልጅ እዚያ ሰዓት ላይ ካላስጨነቀ መቼ ያስጨንቃል? ያው ልጅ በ1ኛው ደቂቃ፣ ተከላካዮቹ በሳጥናቸው ፊት ተሰብስበው ሳለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ይይዛል ወይ? በሰውነቱ ሳየው ይከብደዋል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ደግሞ ዘጠኝ ቁጥሩን የምትከላከሉ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከጊዜ አጠባበቁ ሌላ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ኳስ ተቀብሎ ለአማካይ ከመለሰ በኋላ ይቆማል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሰጠውን ኳስ ያያል። የያዘው ተከላካይ ያኔ እፎይ ይላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። አጥቂው ሰጥቶ ወዲያው ቢነሳ ግን ተከላካዩ ገና አልዞረም፤ 2 እርምጃ ይቀድመዋል። አብዛኛው ጎል የሚገኘው ከእነዚያ 2 እርምጃዎች ነው። «ለፋ፣ ታገለ» ብላችሁ ማመስገናችሁ ልክ ነው፤ ልፋቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

አማራጮቻችሁን እንይ። እሱን አስቀምጦ ፈጣኑን ልጅ ማስጀመር አንዱ ነው። ረጃጅም ኳስ የምትጫወቱ ከሆነና ላይኛው ምድብ ላይ ያሉ ቡድኖች ሜዳ ከፍተው የሚጫወቱ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ግን አዲስ የመጣ ቡድን ላይ ሜዳ ይከፍቱ ይሆን ወይስ ይዘጉ ገና አታውቁም፤ ይንቋችሁና ሊከፍቱም ይችላሉ። ይህን ሳታዩ ዘጠኝ ቁጥር መቀየር ቁማር ነው። ሁለቱን አብሮ ማሰለፍ ሌላው ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ከመሃል አንድ ሰው ይቀንሳል፣ የእናንተን ሁለት ጎል ያገቡት ደግሞ ከመሃል ዘግይተው የሮጡ ልጆች ናቸው። የምትበሉበትን እጅ አትቁረጡ።

ሦስተኛው ኮሚቴው የያዘው ነው፣ አጥቂ ማምጣት። እዚህ ላይ በግልጽ እናገራለሁ፤ ብሩን መልሱት፣ ወይም ለኳስና ለመኪና ኪራይ አውሉት። በቪዲዮው ላይ ዘጠኝ ቁጥሩ ጋ የደረሱት ተሻጋሪ ኳሶች በጣም ጥቂት ናቸው። ከእነዚያም አብዛኞቹ የተሻሙት ከሩቅ፣ ከመሃል መስመር ብዙም ሳይርቁ ነው። እንዲህ ዓይነት ኳስ ለተከላካይ ፊት ለፊት ይመጣለታል፣ ዝም ብሎ በግንባሩ ይመልሰዋል። ክንፎቻችሁ እስከ ጫፍ ወርደው ወደኋላ የሚቆረጥ ኳስ ካልሰጡ ኦኪኪ ራሱ ቢመጣ ቆሞ ያያችኋል። የአጥቂ ችግር የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከአጥቂው 30 ሜትር ርቀት ላይ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አዲሱን ውድድር በእሱ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን 6 ጨዋታዎች ቋሚ አድርጉት፣ ደግሞም ንገሩት። በየሳምንቱ «ዛሬ ካላገባሁ እቀመጣለሁ» ብሎ የሚገባ አጥቂ ኳስ ማቀበል ያቆማል፣ ከየትም ይመታል። ፈጣኑን ልጅ በ65ኛው ደቂቃ አካባቢ አስገቡት፣ 80 አትጠብቁ። በሳምንት 2 ቀን ከልምምድ መጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ ለብቻ ስጡት። ከግራና ከቀኝ ኳስ ይሻማለት፣ ሁለት ተከላካይ ይቁሙ። ሕጉ አንድ ነው፦ አሻሚው ለማሻማት እግሩን ሳያነሳ ወደ ጎል መሮጥ የለም። መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ኳሷ። አንዴ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ አንዴ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ፣ አንዴ ወደ ሩቁ። አሁን ሁልጊዜ የሚሄደው በረኛው ፊት ብቻ ነው፣ ተከላካይም ለምዶታል። ሌላው ልምምድ ሰጥቶ መነሳት ነው። ኳስ ሲመልስ አሰልጣኙ ጮክ ብሎ 1፣ 2፣ 3 ይቁጠር። 3 ሳይል ከኳሷ መስመር ማለፍ አለበት።

ጀበና ቡና ላይ የምትጨቃጨቁት ደግሞ ሥራ አግኝታችኋል። እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ ሜዳ ሂዱ። አንዱ ወገን ኳስ በተሻማ ቁጥር ዘጠኝ ቁጥሩ ቆሞ ነው ወይስ እየሮጠ ነው የደረሰው የሚለውን ይቁጠር። ሌላው ኳስ ከመለሰ በኋላ ስንቴ ተነሳ፣ ስንቴ ቆመ የሚለውን። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀበላቸው ኳሶች ስንቱ ለእኛ ቀሩ የሚለውን ሦስተኛ ሰው ይያዘው። የሚደግፉት ሰዎች የሚነቀፍበትን ይቁጠሩ፣ የሚነቅፉት የሚመሰገንበትን። ያኔ ማጭበርበር ይቀንሳል። ከ6 ጨዋታ በኋላ ቁጥሮቹ ካልተሻሻሉ፣ ጎል ቢያገባም ባያገባም፣ ቀይሩት። ያኔ እኔም አልከራከራችሁም።

ሁለት ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። 76ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ የቀኝ ታፋውን ኋላ ይዞ ያነክሳል። ያላያችሁት ይመስለኛል፣ ኳሷ ሌላ ቦታ ነበረች። የታፋ ኋላ ጡንቻ ቀልድ አይደለም፤ ሳይድን የሮጡበት ጡንቻ መልሶ ይቀደዳል፣ የሚድነውም ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ ነው። የሕክምና ባለሙያ ይየው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጌሻው በቅባት አጥብቆ እንዳያሸው፤ በጠበሳ ላይ ቁስል ነው፣ ውስጡ ከደማ ያባብሰዋል። በፍጥነት ሲሮጥ ሕመም ከተሰማው አይሰለፍ፣ ምክሬም እስኪድን ይቆያል።

ሌላው ስድቡ ነው። ከቪዲዮው ጋር የግሩፓችሁን የድምፅ መልእክቶችም ልከህልኛል። አንዱ «ትኬቴን አቃጠለብኝ» ይላል። በሰፈር ጨዋታ ላይ ማን እንዳስያዘው አላውቅም፣ ግን ብር ያስያዘ ሰው ስለ አጥቂ የሚሰጠውን አስተያየት ከወረቀቱ አውጡት። ሌሎቹ የልጁን እናት ጭምር ያነሳሉ። ልጁ በዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ይሰማል። በዚህ ዓይነት የተሰደበ አጥቂ የሚደበቅበትን መንገድ ያውቃል፤ ኳስ ወደማይመጣበት ይሮጣል። ማንም አይወቅሰውም፣ ቡድኑ ግን 10 ሰው ይቀራል።

የመልሴ ድንበርም ይኼው። ቪዲዮው በስልክ የተቀረጸ ነው፣ ኳሷን ብቻ ይከተላል። ከጨዋታው ግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ዘጠኝ ቁጥራችሁ ምስሉ ውስጥ የለም። ያልኳችሁ ሁሉ ካየሁት ላይ ነው፤ ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ ምን ያህል እንደሚያግዝ ከዚህ ቪዲዮ ልፈርድ አልችልም። ለቀጣዩ ጨዋታ ሁለት ስልክ ያዙ። አንዱ እንደ ልማዳችሁ ኳሷን ይከተል። ሌላው ከጎሉ ኋላ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እሱን ብቻ ይቅረጸው። ኳሷ የትም ብትሄድ ካሜራውን አታዙሩ። ቻርጅ ሞልታችሁ ሂዱ፣ ዝናብ ከመጣ ፌስታል አልብሱት፣ ከዚያ ሁለቱንም ላኩልኝ።